የኮሎኔሏ ግንባር ሁለተኛ ቀጠሮ

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 9
ከስፌት ቤቱ፣ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ

ለምወድሽ፣ ከሩቅ ሆነሽም ለምትቆጪኝ እናቴ፤

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ ደህና ነን፤ ግንባራችን ሳይቀር ደህና ነው።

የሰባት ደቂቃ የድምፅ መልእክትሽ ደርሶኛል። «አያትሽን ወደዚያ መርፌ ቤት ደግመሽ ብትወስጂያት ወየውልሽ!» ብለሻል። እንግዲህ ወየውልኝ፤ ትናንት ወስጃታለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳልልሽ እናቴ ነሽ።

ደግሞ «በስልሳ ስምንት ዓመቷ ለፊቷ ሽብሽብ መርፌ የምትወጋ ሴት ጃጅታለች፤ በመቀስ አትታመንም። ስፌት ቤቱ ይዘጋና አጎትሽ ዘንድ ትግባ» አልሽ። አጎቴ ቤት! ሶፋው ከተገዛ ስድስት ዓመቱ፣ ላስቲኩ እስካሁን አልተላጠም። አያቴ እዚያ ከገባች እሷንም በላስቲክ ይሸፍናታል። ስለዚህ ያየሁትን ልንገርሽና ከዚያ ፍረጂ።

በቅንድቦቿ መሃል ያለውን ቦይ ታውቂዋለሽ። አርባ ዓመት ሙሉ መርፌ ላይ ክር ስትሰካ ዓይኗን አጥብባ የቆፈረችው ነው። ሙሽሮቹ ይህን በምን ይወቁ? ቬሎ ሊለኩ ገብተው ፊቷን ሲያዩ ትንፋሻቸውን ውጥ ያደርጋሉ። ልብሱ በተዋጠ ትንፋሽ ይለካና የሰርጉ ቀን ሲተነፍሱ ይጠባል። ኮሎኔሏ ያሏትም እነሱ ናቸው። እሷ ግን «እኔ መች ተቆጣሁ? ይሄ ግንባር ነው ስሜን የሚያጠፋው» ትላለች።

የመጀመሪያውን የተወጋች ዕለት ሐኪሟ «እንዳያሹት፣ እንዳይጫኑት፣ ለአራት ሰዓት ጋደም እንዳይሉ» ብላ አስጠንቅቃት ነበር። እሺ ብላ ቤት ገባች። ራሷን ትንሽ ሲያማት ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ለራስ ምታት ሁሉ የምታደርገውን! ሻሿን ግንባሯ ላይ እንደ ጭነት ገመድ ጥፍር አድርጋ አሰረች። ስጮህባት «እኔ መች ነካሁት? ሻሹ ነው የነካው» አለችኝ።

በአራተኛው ቀን ቦዩ መለስለስ ጀመረ። በሳምንቱ ግን ግራ ቅንድቧ ሽቅብ ወጥቶ እዚያው ቀረ። አንቺን ያስደነገጠሽ፣ በላክሁልሽ ፎቶ ላይ ያየሽው እሱን ነው። አንዷ ሙሽራ «ሁለት ኪሎ ብቻ ነው የጨመርኩት» ስትላት ቅንድቡ ቀና ብሎ ጠበቃት። «እሺ፣ አምስት ነው» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

ትናንት ታዲያ ልክ ሁለት ሳምንት ሞላን። ሐኪሟ ገና ልጅ ናት፤ አያቴን መስታወት ፊት አስቀመጠቻት።

«ቅንድብዎን ወደ ላይ ያድርጉልኝ፣ እማማ። ጎበዝ። አሁን ይቆጡ።»

«ማንን?»

«ማንንም። ዝም ብለው።»

«የኔ ልጅ፣ እኔ ያለ ምክንያት አልቆጣም።»

ላግዛት ብዬ «አያትዬ፣ ነጩ ሐር ላይ ጭማቂ ያፈሰስኩት እኔ ነኝ» አልኳት። ከልቧ ተቆጣች፤ የተነሳው ግን ግራ ቅንድቧ ብቻ ነው። ሐኪሟ ሳቋን ጭምብሏ ውስጥ ደበቀችው።

ከዚያ በነጭ እርሳስ ምልክት አድርጋ አስረዳችን። ሻሹ ይሁን ወይም የአንዱ ወገን ጡንቻ በርትቶ ይሁን በእርግጠኝነት መናገር አትችልም። ጡንቻውን የሚያስተኛው መድኃኒት ሙሉ በሙሉ የሚይዘው በሁለት ሳምንት ስለሆነ የክትትሉ ቀጠሮ የተበጀው እንዲህ ያለውን ለማስተካከል ነው። ከግራ ቅንድቧ በላይ በቀጭን መርፌ ጥቂት ጨመረችላት፤ አለቀ። ትንሽ መቅላት ወይም ራስ ምታት ቢኖር በራሱ ይሄዳል። ቅንድቡ የሚስተካከለው በቀናት ውስጥ ነው። የዓይን ቆብ ከወደቀ፣ ወይም መዋጥና መተንፈስ ካስቸገረ ግን ወዲያው ወደ ሐኪም ነው። ከሦስት አራት ወር በኋላ ጡንቻው መንቃቱ አይቀርም፤ ከሦስት ወር በፊት ደግሞ መድገም የለም። «መቀስ መያዝስ?» ብዬ ያንቺንም ጥያቄ ጠየቅሁልሽ። «ግንባር ላይ ነው የወጋኋቸው እንጂ እጃቸው ላይ አይደለም» አለችኝ። ሻሹን ደግሞ እኔ ቦርሳዬ ውስጥ ቆልፌበታለሁ።

ልንወጣ ስንል አያቴ በሩ ላይ ዞር አለች።

«ዶክተር፣ በስልክ ቪዲዮም ይታያል?»

«ምኑ፣ እማማ?»

«አለመቆጣቴ።»

እማ፣ ባለፈው ዓመት «አሁንም በዚያ ፊትሽ ታይኛለሽ፤ አገር ጥዬ መሄዴን ይቅር አላልሽኝም» ብለሽ ቪዲዮውን የዘጋሽባት ቀን እኔ አጠገቧ ነበርኩ። ስልኩን የስፌት ማሽኑ ላይ አስደግፋ መርፌ ላይ ክር እየሰካች ነበር። በቃ፣ ሌላ ምንም አልነበረም። ስልኩ ጠፍቶም ክሩን እንደያዘች ብዙ ቆየች። ከዚያ ወዲህ አንቺ የምትልኪው ድምፅ ብቻ ነው፣ እሱንም ለእኔ። ይህን እንዳልነግርሽ አስምላኛለች፤ የእኔን መሐላ ግን አንቺም ታውቂዋለሽ።

ስለዚህ ቁርጡን ስሚ። ስፌት ቤቱ አይዘጋም። አጎቴም ሶፋውን ብቻውን ይጠብቅ። ሦስተኛውን ቀጠሮ ለነሐሴ 12 ይዤላታለሁ፤ የምወስዳትም እኔው ነኝ። በድምፅ መልእክት አልመለስም፤ በስልክም አልመለስም። ማስቆም ከፈለግሽ ራስሽ መጥተሽ በሩ ላይ ቁሚ።

ባትመጪ ደግሞ ቢያንስ በቪዲዮ ደውዪ። ከጠዋት ጀምሮ ፀጉሯን አበጥራ ከመስኮቱ ብርሃን ፊት ተቀምጣለች፤ «ለሥራ ይመቸኛል» ትላለች፤ እጇ ላይ ግን አንድም ሥራ የለም።

መንገድሽን ቀና፣ አለቃሽን ገራም ያድርግልሽ። ሐሳብ ግንባርሽን አይቆፍርብኝ።

ትእዛዝሽን ያልፈጸመች፣ ነሐሴ ላይም የማትፈጽም
ልጅሽ