አርፋለች

ማክሰኞ፣ ሰኔ 4 ቀን

የዓይኔ ማረፊያ ልጄ፣

እንደምን ከርመሽልኛል? እኔ ደኅና ነኝ። ይህን የሚጽፍልኝ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ነው፤ ቃል ካሳመረ የእሱ እንጂ የእኔ አይደለም።

እሑድ ሳትደውዪ ቀረሽ። እኔም «በል ደውልልኝ» አልኩት። አብራሽ የምትኖረው ነርስ ስልክሽን አነሣችና «አርፋለች» አለች። ወዲያው የልብስ ሰፊው ስልክ ባትሪ ጨርሶ ድርግም አለ።

ልጄ፣ በእኔ ዕድሜ ላለ ሰው «አርፋለች» አይባልም! እኛ ዘንድ ያረፈ ሰው አይነሣም። ስልኩ ቻርጅ እስኪደረግ በሩ ላይ ተቀምጬ ቀረሁ። አለቀሰ ብሎ ቢጽፍልሽ ውሸቱን ነው፤ የጨርቅ ብናኝ ነው ዓይኔ የገባው።

ስልኩ ነፍስ ሲዘራ ነርሷ፣ «ኧረ አባባ በሞቴ! ተኝታለች ማለቴ ነው። አራት አዳር በተከታታይ ገብታ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ነው የወደቀችው» አለችኝ።

«ታዲያ ተኝታለች አትዪም? ቃል ተወደደ?» ብዬ ጮህኩባት።

«አይቆጡ እንጂ! እሑድ እሑድ እኮ ከአዳር መጥታ፣ ገና እንቅልፍ ሳትጠግብ በደወል እየተነሣች ነው ለእርስዎ የምትደውለው።»

እኔ ደግሞ ምን እልሽ ነበር? «ድምፅሽ ምነው ተጎተተ? አባትሽ ሰለቸሽ?»

እኔም ሠላሳ ዓመት መጋዘን ጠብቄአለሁ፤ አዳርን ለእኔ አትነግሪኝም። ግን እኔ ባንቀላፋ የሚጠፋው ጆንያ ነው። አንቺ ጋ ሰው ነው። ለሃያ ስምንት ሕመምተኛ አንዲት ነርስ፣ ይሄ ምን የሚሉት አሠራር ነው? ለአለቃሽ ንገሪያት፤ የእኔ ልጅ አፍ አላት። ቆመሽ አትብዪ። ቡናውን ቀንሺ። ቤት ስትገቢ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርጂው፤ ስልኩንም ዝጊው።

እሑድ አትደውዪ። ቆርጬ ነው የምነግርሽ። እንዲያውም እሑድ ሥራ ይበዛብኛል። ልብስ ሰፊው «የምን ሥራ?» ብሎ ሳቀ። «አንተ ጻፍ!» አልኩት።

ጉልበትሽን ያጽናው። እጅሽ የነካው ሁሉ ይዳን። እንቅልፍሽን የሕፃን እንቅልፍ ያድርግልሽ።

ጠግበሽ ተኝተሽ ስትነሺ ግን፣ የፈለገው ቀን ይሁን፣ የፈለገው ሰዓት ይሁን፣ እኔ የትም አልሄድም።

አባትሽ
(አውራ ጣቴን አሳርፌበታለሁ)