የአቶ ጀይሉ ስፒከሮችና የእኔ ለቅሶ

ኮልፌ ቀራንዮ፣ አዲስ አበባ
እሑድ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለርሆቦት አምላኩ
ጅቡቲ

ርሆቤ፣ የኔ ዓለም፤

ከሁሉ በፊት፣ አልሞትኩም። ይህን የምጽፈው ለቀልድ አይደለም። ደብዳቤው ሳይደርስሽ አንዱ ወሬኛ ደውሎ «አባትሽ አርፈዋል» ብሎሽ ከሆነ ውሸት ነው። ሞተ የተባልኩት ረቡዕ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ግድም ነው፤ አምስት ሰዓት ሳይሞላ ተነሥቻለሁ። እንዴት እንደሆነ እነግርሻለሁ። በስልክ ያልነገርኩሽ በስልክ ስለምዋሽ ነው። ድምፅሽን ስሰማ ውሸቱ ቀድሞኝ ይወጣል። ወረቀት ላይ ግን እጄ ቀርፋፋ ስለሆነ የማፈሪያ ጊዜ አገኛለሁ። ዓርብ የመጣችው ጓደኛሽ ሔለን ማክሰኞ በባቡር ስለምትመለስ በእሷ እጅ ልኬልሻለሁ።

«ዛሬ እስከ 18 ማዞሪያ ተንሸራሸርኩ»፣ «ጋዜጣ ገዝቼ ተመለስኩ» እያልኩ የነገርኩሽ ሁሉ ፈጠራ ነው። የጋዜጣውን ወሬ የምነግርሽ ከሬዲዮ እየሰማሁ ነው። ከሆስፒታል ከወጣሁበት ካለፈው ዓመት ጥቅምት ጀምሮ ከዚህ አራተኛ ፎቅ አልወረድኩም። አሥራ አራት ወር ሆነ። ያን ጊዜም ያወጡኝ አምቡላንስ ይዘው የመጡት ሰዎች ናቸው፤ በቃሬዛ ተሸክመው ሲያወጡኝ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ስኳሩ እግሬን እንዲህ አድርጎ ይጥለኛል ብዬ አላሰብኩም።

አንቺ ደግሞ ጥር 17 እዚህ አዲስ አበባ ሠርግሽ ነው። «አባቢ፣ ከአዳራሹ በር ጀምሮ ክንድህን ይዤ ነው የምገባው» ስትዪኝ «እንዴታ!» አልኩሽ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ደረጃው ጫፍ ድረስ በክራንች ሄጄ ቁልቁል አየሁት። ሰባ ሁለት ደረጃ ነው። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ሰው ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ ታስሬያለሁ ቢል ያሳፍራል። ነገር ግን ልጄ፣ ታስሬያለሁ። ቀኑን ሙሉ በረንዳ ላይ ሆኜ የውሃ ሮቶዎቹንና የሰው ልብስ አያለሁ። የማን ሸሚዝ የት እንደተቀደደ ሳይቀር አውቃለሁ። ነፋሱ ወዲህ ሲነፍስ የታክሲ ረዳቱ «አስኮ አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!» ሲል ይሰማኛል፤ አንዳንዴ ለኔ የሚጣራ ይመስለኝና እናደድበታለሁ። በእነዚህ አሥራ አራት ወራት ከግቢያችን አራት ሰው ሞቷል። አንዱንም አልቀበርኩም። ድንኳኑ ሲተከል ከላይ ሆኜ አየሁ፣ ሲነቀልም አየሁ። የማንንም ለቅሶ ያልደረስኩ ሰው እኔ ስሞት ማን ይመጣልኛል እያልኩ ብቻዬን ስብሰለሰል ከረምኩ።

አንድ ሰው ሊያወርደኝ ሞክሮ ነበር። የእድራችን ሰብሳቢ መገርሳ፣ ምድር ቤት የሚኖረው፣ ለመስቀል ሦስት ሰው አስከትሎ ወንበር ይዞ መጣ። «አምላኩ፣ ና ደመራው ጋ እናውርድህ» አለኝ። «እኔ ሶፋ ነኝ እንዴ የምትሸከሙኝ?» ብዬ በሩን ዘጋሁበት። ከዚያ ወዲህ በረንዳዬ ሥር ሲያልፍ ቀና ብሎም አያየኝ።

አሁን ወደ ስፒከሮቹ ልምጣ። አቶ ጀይሉን ታስታውሺዋለሽ? ማዞሪያው ጋ የጨርቅ ሱቅ ያለው፣ ጦር ኃይሎች ወርክሾፕ ሳለሁ ቁም ሣጥን የቀባሁለት። ኅዳር ላይ ደወለልኝ። ከወጣትነቱ ጀምሮ የያዛቸው ሁለት ረጃጅም ስፒከሮች አሉት። አንድ የማያውቅ ሰው ጥቁር ቀለም ለቅልቋቸዋል፤ በላያቸው የአበባ ማስቀመጫ እየተቀመጠ ውሃው ክብ ክብ አድርጎ አበላሽቷቸዋል፤ ጥጋቸውን ድመት ቧጥጣዋለች። ሚስቱ «ወይ መልክ ይኑራቸው፣ ወይ ከሳሎኔ ይውጡ» ብላ ቆርጣለች። ሥራ ማቆሜን ስነግረው «አንተ ከወንበርህ አትነሣ፤ እነሱ ይመጡልሃል» አለና አስጭኖ ላካቸው።

በረንዳዬን ወርክሾፕ አደረግሁት። በካቻቢቴ ፊታቸውን ፈትቼ፣ ጨርቁንና ድምፅ የሚያወጡትን ክቦች አውልቄ አልጋዬ ሥር በካርቶን አስቀመጥኩ። የቀረው ባዶ ሳጥን ነው። ውስጡ ተራ ቺፑድ ነው፤ ላዩ ላይ ግን ከወረቀት ብዙም የማይወፍር እውነተኛ እንጨት ተለብጦበታል። አንዴ አብዝተሽ ከፋቅሽው አለቀ፣ መመለሻ የለውም። ስለዚህ ማሽን የለም፤ ቀለሙን በማንሻ ፈሳሽ አለስልሼ፣ በስስ የብርጭቆ ወረቀት የእንጨቱን መስመር እየተከተልኩ በእጄ ብቻ ፋቅሁት። የድመቷን ጭረት የእንጨት ብናኝና ስቱኮ ለውሼ ደፈንኩት። ከጥቁሩ ሥር ቀይ ቡኒ መልኩ ብቅ ሲል፣ ርሆቤ፣ ብቻዬን ሳቅሁ። ታሞ የነበረው እግሬ እንጂ እጄ አልነበረም ለካ! ከዚያ ቫርኒሹን በስሱ አምስት ጊዜ ደራርቤ ቀባሁት፤ በየመሃሉ አንድ አንድ ቀን አደረቅሁት። ፊት ለፊቴ ያለችውን ሰብሪያን፣ ምግቤን የምትሠራልኝን፣ «እባክሽ ለአምስት ቀን ምንጣፍ አታራግፊብኝ፣ አቧራው ይለጠፍብኛል» ብዬ ለመንኳት። «ጋሼ፣ ለሙሽራዋ ነው ለስፒከር ነው እንዲህ የሚጨነቁት?» ብላ ሳቀችብኝ።

ረቡዕ የመላኪያቸው ቀን ነበር። የጨነቀኝ ደረጃው ነው፤ መታጠፊያው ጠባብ ስለሆነ አዲስ ቫርኒሽ ግድግዳ ከነካ የሁለት ሳምንት ልፋቴ ገደል ገባ። በራፍ ላይ ያሉት ጫኝና አውራጆች አራት ሆነው መጡ። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ እናውርዳቸው አሉ። እሺ አልኩ። በረጅሙ ጣውላዬ ላይ አንዱን ከአንዱ አስከትለን አጋደምናቸው። ብርድ ልብስ ፀጉሩን ቫርኒሹ ላይ ያራግፋል፤ ስለዚህ ሰብሪያ ያጠበችልኝን ነጭ አንሶላ አውጥቼ ከዳር እስከ ዳር ጠቀለልኳቸውና ሦስት ቦታ በገመድ አሰርኩ። «ቀስ በሉ፣ አታዘንብሉ፣ በክብር ያዙልኝ» አልኳቸው። «እሺ አባባ» ብለው ጣውላውን በትከሻቸው አድርገው፣ እግራቸውን እየለኩ፣ ዝም ብለው ወረዱ።

የሠራሁትን ያየሁት በረንዳ ላይ ወጥቼ ከላይ ስመለከተው ነው። ቁመቱ የኔ ቁመት ነው።

በሩ ጋ የቆመችው ፒክአፕ ላይ ጫኑትና አራቱም ደግፈው ለመያዝ አብረው ወጡ። መኪናዋ ስትንቀሳቀስ ሰብሪያ ሽንኩርቷን ገዝታ በበሩ እየገባች ነበር። ቆመች። አንሶላውን አወቀችው። ዘንቢሏን ለቀቀችና ሁለት እጇን አናቷ ላይ አድርጋ «ውይ ጋሼ አምላኩ! ውይ ጋሼዬ! ጠዋት አንኳኩቼ በነበር!» ብላ ጮኸች። የዚህ ግቢ ሰው ለመውጣት ጥሪ አይፈልግም። ከየብሎኩ ነጠላ እያጣፋ ወጣ። «ሬሳው ወጥቷል» ስላለች ወደ ላይ ሊወጣ ያሰበ አንድም ሰው የለም።

«ሰብሪያ! እዚህ ነኝ!» ብዬ ተጣራሁ። በዚያ ሁሉ ጩኸት ማን ይሰማኛል! ስልኳ ላይ ደወልኩ፤ ዘንቢሉ ውስጥ ሲጮህ እኔ ከላይ እሰማዋለሁ፣ እሷ አትሰማውም። መገርሳ ጋ ደወልኩ። ገና አፌን ሳልከፍት «ሰምቻለሁ፣ ሰምቻለሁ። እግዜር ያጽናችሁ። ድንኳኑን እያወጣን ነው» አለና ዘጋው። ደግሜ ስደውል ተይዟል፤ ለካ ሞቴን ለሰው እየተናገረ ነው።

በሩን ከፍቼ ደረጃው ጫፍ ላይ ቆምኩ። ሰባ ሁለቱም እንዳሉ ናቸው። አንዱን ክራንች አወረድኩ፣ መልሼ አወጣሁት። ስንት ዓመት የሰው የቤት ዕቃ አሳምሬ የላክሁ ሰውዬ አለመሞቴን ለመናገር እንኳ መውረድ አቃተኝ። እዚያው ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ወደ በረንዳው ስመለስ የድንኳኑ ብረት እየተገጣጠመ ነው። በመጀመሪያ የመጣችው ጥሩብርሃን ናት፤ ባሏን ስትቀብር ያልወረድኩላት። ቂጣ በሰፌድ ይዛለች። ባለፈው ሳምንት ከበረንዳዬ ሆኜ በውሃ ተራ የተጣላኋት ሴትዮ ደግሞ «አንድ ቀን ክፉ ቃል ከአፉ አልወጣም» ትላለች፤ አንቺ ብትኖሪ በሳቅ ትሞቺ ነበር። መገርሳ ከበረንዳዬ ሥር ጠርዙ ላይ ተቀመጠ። «ላውርድህ ስለው ሶፋ ነኝ ወይ አለኝ» አለ ለሰዎቹ። «ሶፋ መስሎኝ ነው እንዴ? ወንድሜን እኮ ነበር የምሸከመው።» ከዚያ በነጠላው ፊቱን ሸፍኖ አነባ።

እውነቱን ልንገርሽ፤ መጣራቴን አቆምኩ። ኃጢአት መሆኑን እያወቅሁ ዝም ብዬ ሰማሁ። አይመጡም ያልኳቸው ሁሉ መጥተዋል። እኔ የነሱን ስላልደረስኩ የቆጠረብኝ የለም። ያን ሁሉ ወር በከንቱ ነው ራሴን የበላሁት።

ከዚያ አንዷ «ርሆቦትን ማን ያርዳት?» አለች። «ለሔለን እንንገራት፤ እሷ አብራት ሆና ታርዳት» አለ ሌላው ስልኩን እያወጣ። ስምሽን ስሰማ ደነገጥኩ። በእጄ ያገኘሁትን ባዶ የቫርኒሽ ቆርቆሮ ወረወርኩት። ሲሚንቶው ላይ ሲንኳኳ ሁሉም ቀና አለ። «አልሞትኩም! ስፒከር ነው! የአቶ ጀይሉ ስፒከር ነው!» ብዬ ጮህኩ። አንዷ ሴትዮ ሮጣ አመለጠች። ሰብሪያ ሰባ ሁለቱን ደረጃ በአንድ ትንፋሽ ወጥታ በሻርፗ ደበደበችኝ፣ ከዚያ አቅፋኝ አለቀሰች።

መገርሳ ራሱ የመጣው ሌላው ሰው ሁሉ ከቤቴ ከወጣ በኋላ ነው። እያለከለከ በሩ ላይ ቆመ። አንድ ነገር ገብቶኝ ነበር፤ ሞቼ ቢሆን ሳልለምን ያወርዱኝ ነበር። በሕይወት ስላለሁ ግን መለመን አለብኝ፣ እሱን ነው ያልቻልኩት። «መገርሳ፣ ጥር 17 ልጄን ልድር ነው። አውርዱኝ» አልኩት። «ያኔስ የጠየቅሁህ እሱን አይደል?» አለና ወንበሩን ሊያመጣ ተመልሶ ወረደ።

ትናንት ቅዳሜ ሞከርነው። አራት ሆነው ያዙኝ። ሦስተኛውን ፎቅ አለፍን። ሁለተኛው ላይ ስንታጠፍ ወንበሩ ዘመም አለና በብረቱ መሃል እስከ ምድር ድረስ ታየኝ። «መልሱኝ! መልሱኝ!» ብዬ እንደ ሕፃን ጮህኩ። መለሱኝ። መገርሳ ሲወጣ «የሚመጣው ቅዳሜ ደግሞ» አለ። እስከ ሠርግሽ አምስት ቅዳሜ አለን። እወርዳለሁ ብዬ ቃል ብገባልሽ በስልክ እንደምነግርሽ ይሆንብኛል፤ አላውቅም ልጄ። ፈርቻለሁ።

አቶ ጀይሉ ሐሙስ ደውሎ ሚስቱ ስፒከሮቹን ወደ ሳሎኑ መሃል እንዳመጣቻቸው ነግሮኛል። ስለ ለቅሶው ሰምቶ እስኪያስለው ሳቀ። አሁን የቴሌቪዥን ማስቀመጫውን ሊልክልኝ ነው፤ እኔም «በካርቶን እንጂ በአንሶላ አልልክልህም» ብዬዋለሁ።

የቀረ አንድ ነገር አለ። እስካሁን የጻፍኩት ሁሉ እሱን ለመሸሽ ይሁን ለመድረስ አላውቅም። ሔለንን «ስታነበው አጠገቧ ተቀመጪ» ብያታለሁ። ሳልወርድ ከቀረሁ በሠርጉ ጠዋት ከሙሽራሽ ከቃለጽድቅ ጋር ወደዚህ ትወጪያለሽ። ቀሚስሽን ሰብሪያ ከኋላ ትይዝልሻለች። እንደ ወጉ ጉልበቴን ልትስሚ ትጎነበሻለሽ። አሁን የምነግርሽ ያን ጊዜ በሰው ፊት እንዳትደነግጪ ብዬ ነው። ሆስፒታል የቆረጡት እንዳልኩሽ የእግሬን ጣት ብቻ አይደለም። በቪዲዮ ስንነጋገር ከጠረጴዛው በላይ ብቻ የማሳይሽ ለዚህ ነው። በግራዬ በኩል ሁኚና የግራውን ሳሚ። ቀኙ የለም።

በገባሽበት ቤት ሁሉ ስትጣሪ የሚሰማሽ አይጥፋ። ስትደክሚ የሚሸከምሽ፣ ስታኮርፊ ተመልሶ የሚያንኳኳብሽ ሰው አይጥፋብሽ። የወለድሻቸው ልጆች እውነቱን በጊዜ የሚነግሩሽ ይሁኑ። ቃለጽድቅን ሳሚልኝ።

አባትሽ
አምላኩ