ቀላሉን መረጥኩ

ጥቅምት 8

ዛሬም እንደ ሌላው ቀን። ስልኩ ከጠዋት ጀምሮ ይጮኻል። የድምፅ መጻሕፍት ክፍላችን ጠባብ ናት፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር፣ ግድግዳው ሙሉ ሲዲ። ማየት የተሳናቸው ሰዎች ይደውላሉ፤ ሲዲ መርጬ እልክላቸዋለሁ፣ ሰምተው ይመልሳሉ። የሚፈልጉት ከሌለ ራሴ አንብቤ እቀዳለሁ።

ሾፌሩ ደወሉ። ዓይናቸው ሳይጠፋ አውቶቡስ ይነዱ ነበር።

«እመቤት ድምፅ! ማንም የማይሞትበት መጽሐፍ አለሽ?»

«የምግብ አሠራር አለ፣ ጋሼ።»

«እሱማ ዶሮዋ ትሞታለች!»

ከሰዓት ኃላፊያችን መጣች። ሳትቀመጥ ነገረችኝ። ክፍሏ በመጋቢት መጨረሻ ትለቀቃለች። ዋናው መሥሪያ ቤት የሚረከበው ድረ ገጽ ላይ የተጫነውን ንባብ ብቻ ነው።

«ሌላውስ?»

«ይወገዳል።»

«ቤቴ ብወስደውስ?»

«የመሥሪያ ቤት ንብረት ለግለሰብ? እህቴ፣ አታስቂኝ።»

ድረ ገጹን የሚሠራ ሰው አልመደቡም። እኔ እሠራዋለሁ አልኩ። ከየት የመጣ አፍ ነው?

ጥቅምት 11

ኮምፒውተር ጠጋኙ ጋ ሄድኩ። ሁሉንም ነገር ከባዶ ለመሥራት ካሰብኩ ዕድሜ አይበቃኝም አለ። ፍሬምወርክ የሚባል ነገር መምረጥ አለብኝ።

«ምሰሶውንና ማገሩን ሌላ ሰው አቁሞልዎታል፣ እትዬ። የእርስዎ ሥራ መምረግ ነው።»

«የትኛውን ልያዝ?»

«ትልቁን ነዋ! ዓለም ሁሉ የሚሠራበትን።»

ዓለም ሁሉ የእኔን ኮምፒውተር አላየም።

ጥቅምት 19

ትልቁን ሞከርኩ። ከጠዋት እስከ ማታ ሲወርድ ዋለ። አንድ እንግዳ ጠርቼ ሠርገኛ መጣብኝ… ያልጠራሁት ፋይል፣ የማላውቀው ስም። አንዲት ገጽ ለማሳየት ይህ ሁሉ ለምን? ኮምፒውተሩ ደርቆ ቀረ። ነቅዬ ሰካሁት።

ኅዳር 2

አሮጌ መጻሕፍት የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ አንድ ቀጭን መጽሐፍ አገኘሁ። ስለ ትንሽ ፍሬምወርክ ነው። ክብደቱ ቀላል፣ ለጀማሪ የሚሆን፣ የሚፈልጉትን ብቻ የሚጭኑበት ይላል። ቆሜ የመጀመሪያውን ምዕራፍ አነበብኩ። ገባኝ! እኔ እኮ ነኝ… ገባኝ።

ጠጋኙ ስሙን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። «ጥሩ ነው፣ ቀላል ነው። ግን ዝም ብለው ይጀምሩ እንጂ።»

ዝም ብሎ መጀመር አላውቅበትም።

ኅዳር 20

መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ሁለቴ ጨረስኩት። ገና አንድ መስመር አልጻፍኩም። ጠጋኙ «እንደ ዳዊት ሊደግሙት ነው?» ብሎ ሳቀብኝ።

ይሳቅ። ፊደል የለየሁት ካገባሁ በኋላ ነው፤ ያውም ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ። አስተማሪ አልነበረኝም። ከመጀመሪያው ተነስቼ በተራ ካልሄድኩ እጠፋለሁ። አንድም ገጽ ዘልዬ አላውቅም።

ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ዓይኑ ሲደክም «ትንሽ አንብቢልኝ» ይለኝ ነበር። ነገ እለው ነበር። የራሴን መጽሐፍ እየገለጥኩ… ነገ።

ታኅሣሥ 6

ሠራ! ጥቂት መስመር ጻፍኩ፣ ማስጀመሪያውን ነካሁ፣ ነጭ ገጽ ላይ «እንኳን ደህና መጡ» የሚል ወጣ። ተነስቼ ቆምኩ። ለማን ልንገር? ለሾፌሩ ደወልኩ።

«ታዲያ መቼ ነው የምንሳፈረው?» አሉ።

ጥር 15

መፈለጊያው ይሠራል። የመጽሐፉን ስም ሲጽፉ ይወጣል፤ ሲነኩት ይከፈታል። ሥዕል አላስገባሁም። የሚያየው የለም። ስልካቸው ላይ ጽሑፉን የሚያነብላቸው ድምፅ እንዳይደናቀፍ ሁሉን ነገር በተራ አስቀመጥኩ። መጽሐፉ እንዳለው፣ ምዕራፍ በምዕራፍ።

ንባቦቹን መጫን ገና አልጀመርኩም። ቤቱ ሳያልቅ ዕቃ አይገባም።

የካቲት 3

ሥራዬን ይዤ ጠጋኙ ጋ ሄድኩ፤ ድረ ገጹ ወደሚኖርበት ኮምፒውተር፣ ሰርቨር ወደሚሉት፣ እንዲያወጣልኝ። አወጣው፤ ስህተት አለ የሚል ቀይ ጽሑፍ። እንደገና ሞከረ። ቀይ ጽሑፍ።

 ከዚያ ኮዴን፣ የጻፍኩትን መስመር ሁሉ፣ እያነበበ «እትዬ፣ ይሄን የት ተማሩት?» አለኝ።

መጽሐፉን ሰጠሁት። ምዕራፎቹን አልፎ የሽፋኑን ጀርባ ገለጠ።

«የታተመበትን ዓመት አላዩም? ይሄ እኮ ከቀረ ቆየ። ይሄም ቀርቷል። ይሄ ደግሞ ስሙ ተቀይሯል።»

«መጽሐፍ ይሻራል እንዴ?»

«እዚህ ሰፈር ይሻራል።»

ባረጀው ፍሬምወርክ እንዲያስነሳው ለመንኩት። ሰርጎ ገብ የሚገባበት ቀዳዳው ብዙ ነው፣ ዋናው መሥሪያ ቤት አይቀበለውም አለ። «መጀመሪያ ላይ አንድ ገጽ ሠርተው ቢያመጡልኝ ያኔውኑ እናየው ነበር።» በቁጣ አልነበረም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

የካቲት 4

ምንም አልሠራሁም።

የካቲት 11

እንደ አዲስ። አሁን ከኢንተርኔቱ ላይ ነው የማነበው፤ እዚያ ያለው ጽሑፍ ከፍሬምወርኩ ጋር አብሮ ይታደሳል። ያው ትንሹ ነው፣ ያው ቀላሉ… እኔ ግን የማላውቀው ቤት ውስጥ እንደገባ ሰው ግድግዳ እየዳበስኩ ነው። ኃላፊዋ በበሩ ብቅ አለች። «ብዙ አልቀረሽም አይደል?» «አልቀረኝም» አልኳት። ለምን ዋሸሁ?

መጋቢት 6

ገጹ ሰርቨሩ ላይ ቆመ። ደስ አላለኝም። መጫን ጀምሬያለሁ። ኢንተርኔቱ ይንቀራፈፋል፤ አንድ መጽሐፍ ግማሽ ቀን ይበላል። በበሩ በኩል ካለው መደርደሪያ ተነስቼ በተራ እየሄድኩ ነው።

መጋቢት 21

ዛሬ ቀና ብዬ አየሁ። በበሩ በኩል ያለው መደርደሪያ የእኔ ንባብ ነው። ከእኔ በፊት እዚህ ያነቡ የነበሩት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ጡረተኛው መምህር የቀዱት ከላይ፣ ጥግ ላይ ነው። የሳቸው ንባብ ሌላ ቅጂ የለውም። የእኔን ነገም ላነበው እችላለሁ። የሳቸውን ማን ያነበዋል?

ምን ነካኝ? በተራ… በተራ።

መሰላል አምጥቼ የሳቸውን አወረድኩ። ከነገ ጀምሮ የሳቸውን ብቻ።

መጋቢት 23

ጭነት መኪናው መጣ። ቀኑ አልደረሰም አልኩ። ኃላፊዋ «አዲሱ ተከራይ ቸኮለ፤ እኔስ ምን ላድርግ፣ እህቴ?» ዓይኔን አላየችም። ተሸካሚዎቹ ሲዲውን በማዳበሪያ ከረጢት ሞሉት። ከመምህሩ የጫንኩት አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው። ሁለተኛው ከመሃል ተቋረጠ።

ቦርሳዬን ከፍቼ ነበር። ጠረጴዛው ላይ መምህሩ ካነበቧቸው አንዷ፣ የመርከበኞቹ ታሪክ ሲዲ ነበረች፤ ከእጄ ሥር። ዘበኛው አየኝ። ፊቱን ወደ በሩ አዞረልኝ። እኔ ግን ቦርሳውን ባዶውን ዘጋሁት።

ሚያዝያ 4

ሾፌሩ ቤቴ ደወሉ።

«እመቤት ድምፅ፣ ገጽሽ እንደ ቅቤ ነው! ለብቻዬ ገባሁ፣ ለብቻዬ ወጣሁ። ረዳት እንኳ አላስፈለገኝም።»

«ደስ አለኝ፣ ጋሼ።»

«መርከበኞቹን ግን አጣኋቸው። የመምህሩን። ፊደሉን ስቼ ነው?»

«አልሳቱም።» ነገርኳቸው።

 ሳቅ አሉ። «ግድ የለሽም፣ በቃሌ ይዤዋለሁ። ስንቴ ሰማሁት! ልበልልሽ? ‹ባሕሩ በዚያ ጠዋት…›»

ጠበቅኩ።

«‹ባሕሩ በዚያ ጠዋት…› ቆይ እስቲ። ቆይ። ‹ባሕሩ…›»

መስመሩ ላይ ትንፋሻቸውን እሰማለሁ። እኔም አላስታወስኩም። አንድ ቀን እንኳ ቁጭ ብዬ አላዳመጥኩትም። ለሰው እየላክኩት ብቻ ኖርኩ።

«ይሁን፣ ይመጣልኛል» ብለው ዘጉ።

ግንቦት 17

ማንም አይደውልም። ለምን ይደውላል? ገጹ ይሠራል፤ ራሳቸው ይፈልጋሉ፣ ራሳቸው ያዳምጣሉ። እንዲህ እንዲሆን ነው የደከምኩት።

ጠጋኙ ቤቴ ሆኜ ሰርቨሩን የማይበትን መንገድ አሳየኝ። ሰው መጽሐፍ ሲከፍት ጥቁሩ መስኮት ላይ አንድ መስመር ይወጣል። ሰዓቱና የመጽሐፉ ቁጥር። ስም የለውም።

ከሰዓት ሥራ ፈትቼ ተቀመጥኩ። ብዙ ቆይቶ አንድ መስመር ወጣ። ቁጥሩን አወቅኩት፤ እኔ ያነበብኩት ነው። «እንደምን ዋሉ» አልኩ፣ ለመስኮቱ። ማን ይሆኑ? ሾፌሩ? ሌላ? እኔን ይሰሙኛል። እኔ አልሰማቸውም።

ሌላ መስመር አልወጣም። እስከ መጨረሻው እያዳመጡ ነው? ወይስ ገና ከመጀመሪያው ትተውት ሄዱ? ገጹ ይህን አይናገርም። እንዲናገር አድርጌ አልሠራሁትም።