የማንጎ አቼቶ ከአማቴ ጋር

ግንቦት 18 ቀን 1989 ዓ.ም.፣ አርባ ምንጭ

አረቄ ካቆምኩ ወዲህ ስፈራው የኖርኩት ቀን ዛሬ መጣ። አማቴ፣ የባለቤቴ አባት፣ ከጨንቻ ወረዱ። በእሳቸው አገር ዘመድ ሲገናኝ ጉንጭ ለጉንጭ ገጥሞ ከአንድ ቅል ይጠጣል፤ እምቢ ማለት ዝምድናን መካድ ነው።

ባለቤቴ ከጫኖ መንደር በመጣ ማንጎ የሠራችውን አቼቶ በማርና በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣ አቀረበች። እኔስ ከሥራ ስመለስ እሱን ለምጃለሁ፤ ምላስ ቆንጠጥ ማድረጉ ደስ ይለኛል። ለእሳቸው መስጠቱ ግን አሳፈረኝ።

ጉንጫቸውን አስጠጉና አብረን ጠጣን። ፊታቸውን አጨማደው ደገሙ።

«ያሰክራል?» አሉ።

«አያሰክርም፣ አባባ።»

ቅሉን አስቀመጡ።

«እንግዲያ ዛሬ የምትነግረኝን ነገም ታስታውሰዋለህ። ልጄን እንዴት ይዘሃታል?»

ባለቤቴ ጓዳ ውስጥ ዕቃ ማጠቧን አቆመች።