ማይሙና በእርምጃዋ ትሂድ

ቢስሚላህ። ጅቡቲ፣ ካርቲየ 1፣ በመኖሪያ ቤቴ፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ኖቬምበር 14 ቀን 1998። እኔ ጀላሉዲን ሙሚን እግሬ ከድቶኛል፤ አእምሮዬ ግን እንኳን ሊደክም እንቅልፍም ከልክሎኛል። ማንም ሳያስገድደኝ የምናገረውን ጎረቤቴ ታምሩ ይጽፋል። መስኮቱን ክፈቱልኝና ልቀጥል።

የጨርቅ ሱቄን ልጆቼ ዘይድና ጀዋሪያ በሸሪዓው መሠረት ይካፈሉ። በዚህ አትጨቅጭቁኝ። ማቀዝቀዣው ለሠራተኛዬ ለአልጋነሽ ነው፤ ከሙቀት የምጠብቀው ፊልሜ ቦታውን ይዞባት ሥጋ ማሳደሪያ አጥታ ኖራለች።

ዋናው ነገር ፊልሙ ነው። ነጋዴ ከመሆኔ በፊት በድሬዳዋ ድምፅ አልባ ፊልም አነሣ ነበር። ባቡሩን ከነመንገደኛው ከጣቢያው በፊልም ላይ ሳጠፋው ጠንቋይ ነው ብለው የሸሹኝ ነበሩ። ያደረግሁት ካሜራውን አቁሞ ባቡሩ ከሄደ በኋላ ከዚያው ቦታ ማንሣት መቀጠል ነበር። ይህን ብልሃት ማንም አላስተማረኝም፤ ይመዝገብልኝ። ድምፅ ያለው ፊልም ሲመጣ የሚፈልገኝ ጠፋ።

የቀረኝ አንድ ጥቅል ነው፤ ባለቤቴ ማይሙና፣ ነፍሷን ይማርና፣ ያለችበት። የሌንሱን ግማሽ በጥቁር ጨርቅ ሸፍኜ አነሣኋት፤ ፊልሙን ወደኋላ መልሼ በሌላው ግማሽ ደገምኩት። ሁለት ማይሙና ሆና፣ አንዷ ቀስ ብላ መጥታ ለሌላዋ ውሃ ትሰጣለች። ለሰው ስትቀዳ ነው ያደገችው፤ አንድ ጊዜ እንኳ የሚቀዳላት ታግኝ ብዬ ነው።

ዘይድ በልጁ በተቅዋ ሠርግ ላይ ይህን ፊልም አፍጥኖ አሳየው። እናቱ እንደ ዶሮ ተራወጠች፤ እንግዳው ሳቀ። ማይሙና እኮ ሮጣ አታውቅም! እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ዘይድ አሁን፣ «አባ፣ የድሮ ፊልም መሆኑን ረሱት እንዴ? ከማሳያው መብራት ፊት ከዘገየ እንደ ቤንዚን ነው የሚነደው። እኔ እንዳይቃጠል ብዬ ነው፤ ከእማ የቀረን እሱ ብቻ ነው» ይላል። ይጻፍለት፤ እውነቱን ነው። እንደምትወዳት አውቃለሁ፣ ልጄ። እኔ ግን ስትሮጥ ከምትኖር ስትራመድ ብትቃጠል እመርጣለሁ።

ሞቴን የሚጠብቅ ትዕግሥት የለኝም። ዛሬ ከመግሪብ ሶላት በኋላ፣ በግቢው፣ አሸዋ በባልዲ ቀርቦ፣ ዘይድ የማሳያውን መዘውር በእርምጃዋ ልክ ያዙር። ፊልሙ ከተረፈ የራሱ የዘይድ ነው፤ ጀዋሪያም ተስማምታለች።

የተናዛዡ ፊርማ፦ ጀላሉዲን ሙሚን
ምስክሮች፦ ሁንዴ አብዲ፣ ወሰኑ በቀለ

የጸሐፊው ማረጋገጫ፦ ስለ ፊልሙ የተነገረው ቃል፣ ተናዛዡ በሕይወት ሳሉ በዚያው ምሽት በፊታችን ስለተፈጸመ፣ ለወራሽ የሚተላለፍ ፊልም የለም። ያዞረው ዘይድ ነው፤ ጭሱን ካየ በኋላም አላፈጠነም።
ታምሩ