አቮካዶው ሥር ያለችው ክፍል

ባፉሳም፣ ኖቬምበር 18 ቀን 1996

የቤትሽ ግንባታ ተቋርጧል።

ውድ ልጄ ጁይካም፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኔና እናትሽ ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ አንቺ ወዳለሽበት ሊብረቪል የሚያደርስልሽ ሹፌር ከሰዓት ስለሚነሣ ዋናውን ልንገርሽ።

መሬቱን የተረከብንልሽ ባዶውን ነው። ሻጩ ሽማግሌው ፎኩ መቃብሮቹን ከፍቶ የአባቶቹን የራስ ቅል በማሰሮ በማሰሮ አድርጎ ወደ አዲሱ ግቢው ሲያጓጉዝ ቆሜ አይቻለሁ። መሬት የሸጠ ሙታኑን ይዞ ይወጣልና፣ እንደ ደንቡ አንድም አላስቀረም። ከዚያ በኋላ ነው ግንበኛው ካምጋ ችካል ተክሎ ሲባጎ የወጠረው።

በማግስቱ ጠዋት ሲባጎው ከቦታው ተነሥቶ፣ አቮካዶው ሥር ትንሽ አራት ማዕዘን ሆኖ ተወጥሮ አገኘነው። ቋጠሮው የካምጋ አልነበረም።

«አባባ፣ ለልጅህ ነው ለዶሮ የምትሠራው?» አለኝ እየሳቀ።

የሰፈር ልጆች ናቸው ብለን መልሰን ወጠርነው። በነጋታውም ሄዶ እዚያው። ካምጋ አልሳቀም።

ቦታውን ቆፈርን። የራስ ቅል ወጣ፤ አጠገቡ የሴት የመዳብ አምባር ነበር። ካምጋ አካፋውን ጥሎ ከጉድጓዱ ዘለለ። ፎኩን አስጠራሁት። ጎንበስ ብሎ አየና፣

«የኔ አይደለችም» አለ። «የኔዎቹ ቤታቸው ገብተዋል።»

«ታዲያ የማን ናት?»

«እኔ ምን አውቄ! መሬት ሸጥኩልህ እንጂ ሰው ሸጥኩልህ?»

እናትሽን ታውቂያታለሽ። እኛ ስንጨቃጨቅ እሷ ጨውና ቀይ የፓልም ዘይት ይዛ መጣች። «ሰው አይደለች እንዴ? ይሄን ሁሉ ዘመን ጦሟን!» ብላ ቅሉ ላይ አፈሰሰችው። መሬቱ ያንቺ ነውና፣ ላንቺ ክብር ብላ «የሰጠችሽ ልጄ ጁይካም ናት» አለቻት።

ፎኩ ባርኔጣውን አወለቀ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ምን ነካሽ? የሞተን ያበላ ወራሹ እንደሆነ ጠፍቶሽ ነው? አሁን ልጅሽን አወቀቻት። መጥታ በገዛ እጇ ካላበላቻት፣ ይቺ ራሷ ፈልጋት ትሄዳለች።»

«ትምጣና ታብላታ! ልጄ እንደሆነች ቋጣሪ አይደለች» አለች እናትሽ።

አሁን እኔ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሲባጎው መጀመሪያ ከመነሣቱ በፊት ባለው ቀን፣ ሰፈራችን ሱቅ ስልክ ላይ ደውለሽ «ትንሿን ክፍል አስቀድሙ» ብለሽኝ ነበር። ፕላኑ ላይ ትንሽ ክፍል የለም። የቷን ስልሽ ተቋረጠ። ትናንት ስደውል አብራሽ የምትኖረው ልጅ አነሣችው። ከወሩ መጀመሪያ ጀምሮ በትኩሳት መተኛትሽን፣ እንኳን ስልክ ልትደውዪ ከአልጋ እንዳልወረድሽ ነገረችኝ።

ድምፅሽን ግን አውቀዋለሁ፤ ያንቺ ነበር።

መታመምሽን ለእናትሽ አልነገርኳትም።

ካምጋ ሲባጎው በታሰረበት ልክ ለቅሉ ክፍሏን ሠርቶ ቆርቆሮ አልብሷታል። የቤትሽን መሠረት ግን አንቺ መጥተሽ ሳታበያት አልነካም ብሏል። ቤቱ ይቆይ። መነሣት ከቻልሽ ከዚሁ ሹፌር ጋር ነዪ። ከመኪናው ኋላ ፍራሽ እንዲያነጥፍልሽ ነግሬዋለሁ። ካልቻልሽ ተሸክሞም ቢሆን ያስገባሻል።

እናትሽ ጠዋት ጠዋት ዘይት ታፈስላታለች። ስሟን ስለማናውቅ፣ እስክትመጪ ትልመድሽ ብላ በአንቺ ስም ትጠራታለች። ተዪ ብላት አልሰማ አለችኝ።

እግዜር ጤናሽን ይመልስልሽ፣ በደህና ያግባሽ።

አባትሽ ቺንዳ

ዘይቱ አልቆ እናትሽ ገዝተህ ና ብላኛለች። ጠርሙሱን ይዤ፣ ደብዳቤውንም በዚያው ለሹፌሩ ልሰጥ ስነሣ፣ ከአጥሩ ማዶ፣ አቮካዶው ሥር እናትሽ «ጁይካም! ጁይካም!» ስትል ሰማኋት።

«አቤት» አላት፣ ያ በስልክ የሰማሁት ያንቺ ድምፅ።

ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ ትቼዋለሁ። ወደ ሹፌሩ ልሮጥ ነው።