ቀንድ ያወጣችው ፀሐይ

ለክቡር ጌታችን ለሎርድ ጊልበርት ሶርንሊ፣ ዛሬ ከየትኛውም ንጉሥ ጎን ቢሆኑ፣ ባሉበት፤

ጤናዎ እንዴት ነው ጌታዬ? ከወዲያ ወዲህ ሲገለባበጡ ወገብዎን እንዳያምዎ እኛ የሆልምዌይት ሰዎች ሁሌም እንጸልያለን።

ዛሬ ጠዋት ላሞቹ ታልበው ሳያልቁ አዛዥዎ ፔይን ከነፈረሰኞቹ መጥቶ ወጣቶቹን ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ አሰለፈ። ልጄ ሃሞንድ ገና ፊቱን አልታጠበም። ቀስት አሸከሙት፣ አንድ ኮት ወረወሩለት፣ ቅዳሜ ትዘምታለህ ብለውት ሄዱ። ነገሩ ብዙ ስለሆነ በተራ በተራ ላስቀምጠው።

አንደኛ፦ ስለ ኮቱ እናመሰግናለን። ዙፋኑን ከሚሻሙት ሁለት ቤቶች አምና ጌታዬ የላንካስተር ቤት ሰው ሳሉ፣ የዚያ ቤት ምልክት የሆነች ትልቅ ቀይ ሚዳቋ ደረቱ ላይ ተቀብታበት ነበር። ዘንድሮ የዮርክ ቤት ሰው ስለሆኑ ሚዳቋዋ ታጥባ በላይዋ የዮርክ ፀሐይ ተሰፍቶባታል። ቀዩ ቀለም ግን አልለቀቀም፣ ፀሐይዋም ሚዳቋዋን ልትሸፍን አልበቃችም። ከላይ ቀንድ፣ ከታች እግር ወጥቶላታል። እንዲህ ያለች ፀሐይ አይተን አናውቅም።

ሁለተኛ፦ የአንጥረኛውን ልጅ ጋርትን ያስታውሱታል? ባለፈው መኸር በጉም ውስጥ የገደለው የጠላት ቀስት አልነበረም። የገዛ ጓዶቹ ደረቱ ላይ ያለው ምልክት የጠላት መስሏቸው ነው የወጉት። በጉም ውስጥ ፊት አይታይም፤ የሚታየው ደረት ነው። ልጄን ዮርኮች ቀንዱን አይተው፣ ላንካስተሮች ፀሐይዋን አይተው ይወጉታል። ለሁለቱም ወገን እኩል የሚያገለግል ልብስ ስላሰፉልን አስተዋይነትዎን እናደንቃለን።

ሦስተኛ፦ ፔይንን ለምኜዋለሁ። ሌላ ኮት ይስጡት፣ ካልሆነም የራሱን ለብሶ ይሂድ አልኩት። እሱም ከፈረሱ ሳይወርድ፣ "ሰውዬ፣ ልጅህን ልትድረው ነው ወይስ ልታዘምተው? ሮጥ ሮጥ ይበል፣ ማንም አያየውም" አለኝ። ፈረሰኞቹ ሳቁ። ባለቤቴ ሲስሊ ግን፣ "እንግዲያው የእርስዎን ይስጡትና የሱን ይልበሱ፤ ማንም ካላየው ምን ቸገረዎት?" አለችው። አዛዥዎ ፈረሱን አዞረ። የሱ ኮት አዲስ ነው፣ ፀሐይዋም በወርቅ ክር የተሰፋች ናት፤ እንኳን ደስ ያለዎት።

ይህን ደብዳቤ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ የቸነከርኩት ፔይን በእጅ የሰጠሁትን ስለማያደርስ ነው። ስሜን ልተወው ብዬ ነበር። አልዋሽም፣ ፈርቻለሁ፤ ፈረስ በደጃችን ባለፈ ቁጥር በሩን እቀረቅራለሁ። ነገር ግን ስም ከሌለበት የምንለምነው ሌላ ኮት ለማን እንደሚላክ ማን ያውቃል?

ጌታዬ ሐሳብዎን እንደገና እስኪቀይሩ ድረስ ታማኝ አገልጋይዎ፣ እጅ ነሥቼ፣

ባርናቢ ቶልሰን፣ የሃሞንድ አባት፣ ከወፍጮ ቤቱ ቀጥሎ ያለው ቤት

ተጨማሪ፦ ኮቱን ገልብጠን ልናለብሰው ሞክረን ነበር። ቀለሙ ወደ ውስጥ ዘልቆ ኖሮ ሚዳቋዋ እዚያም አለች፤ ፊቷን ብቻ ወደ ሌላው ወገን አዙራለች። ከማን እንደተማረች እኛ አልተናገርንም። ለዘማች ይሰጣል ከተባለው ቀስቱ ደርሶናል። ያልተሰጠን አንድ ንጹሕ ኮት ነው።